ባሕሩን ያላየው ሾፌር

ፍሎሪስ አሬንድሴ ከኬፕታውን እስከ ሄርማነስ በባሕሩ ዳር የሚጠማዘዘውን መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቱሪስት አመላልሶበታል። ዓሣ ነባሪ ግን አንድም ቀን አላየም። የሚገርም ነገር የለውም፤ አርባ ነፍስ ጭኖ በገደል አፋፍ የሚሄድ ሰው ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም። ሄርማነስ ሲደርሱም አውቶቡሱ የሚቆመው ከሱቆቹ ጀርባ ነው፤ ጠባቂው ደግሞ ራሱ። ተሳፋሪው ወይን ጠጅ ሲቀምስ እሱ ከሾፌሮች ጋር ዛፍ ሥር ሻይ ይጠጣል። ይህን ሁሉ የምታውቀው ሚስቱ ሶንያ ብቻ ነበረች፤ እሷም ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ለሌላ ሰው ለመናገር ያፍራል።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ ዓሣ ነባሪዎቹ ወደ ዳር በሚጠጉበት ወር፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ የራሱን ጉዞ አቀደ። መጀመሪያ ፔንግዊኖቹ፣ ምሳ ወደቡ ላይ የተጠበሰ ዓሣ፣ ከዚያ ሸለቆው ውስጥ ቀይ ወይን። ከሁሉ በላይ ግን ዓሣ ነባሪ። ጽፎ ሲጨርስ መልሶ አነበበና በራሱ ሳቀ። ሳይታወቀው በየማረፊያው አውቶቡስ ማዞሪያ ቦታ መኖሩንና ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ አስፍሯል፤ የትኛው ወይን እንደሚጣፍጥ ግን አንድ ቃል የለም።

አሁን የቀረው የሚነዳለት ሰው ነው። ልጁ ኤልሮይ ጋ ደወለ።

«አንተ ትነዳለህ፤ እኔ ከኋላ በቀኝ በኩል እቀመጣለሁ» አለው።

«እንደ ሚኒስትር?» ኤልሮይ ሳቀ። «አባዬ፣ ዓይንህን ጨፍነህ የምትሄድበትን መንገድ እኔ ልንዳልህ?»

ቢሆንም እሺ አለ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የኤልሮይ ልጅ የራግቢ ጨዋታ ነበረው፤ በሁለተኛው ቅዳሜ መኪናው ጋራዥ ገባ። ሰበቡ ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር፤ እውነት መሆኑ ነው የሚያናድደው። በሦስተኛው፣ መኪናዬን ልላክልህና ራስህ ንዳው፣ መንገዱን ካንተ በላይ ማን ያውቀዋል አለው። ጎረቤቱ ዴንቪልም በደስታ እሄዳለሁ አለ፤ ፍሎሪስ ከነዳና እሱ ወይኑን ከጠጣ። ሰዉ ሁሉ ፍሎሪስን የሚፈልገው ከነመሪው ነው።

ስለዚህ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ እሱን የሚያውቅ ሾፌር በሌለበት አውቶቡስ፣ እንደ ማንኛውም ቱሪስት ትኬት ቆርጦ ገባ። ከሾፌሩ ኋላ፣ በባሕሩ በኩል ተቀመጠ። መጀመሪያ ላይ በየጠመዝማዛው ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጥ ነበር። ወጣቱ ሾፌር ግን አነዳዱ ጥሩ ነበር፤ ፍሎሪስ ቀስ በቀስ እግሩን ሰብስቦ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከጎርደንስ ቤይ ከተማ ብዙም ሳይርቁ፣ ከገደሉ ሥር ውሃው ተከፈተና ያ ግዙፍ እንስሳ ግማሽ አካሉን ወደ ሰማይ አወጣ። አውቶቡሱ በተሳፋሪው ጩኸት ተናወጠ። አንዲት ሴት የባሏን ትከሻ ትደበድባለች፤ ሁለት ሽማግሌዎች ተቃቅፈዋል። ፍሎሪስም እጁን ወደ ጎኑ ሰደደ። ወንበሩ ባዶ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የጎደለው ዓሣ ነባሪ ማየት ብቻ ይመስለው ነበር። ስልኩን አወጣና ኤልሮይ ጋ ደወለ።

«አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለ ኤልሮይ። «ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩ። ዓሣ ነባሪ አየሁ።»

ኤልሮይ የሚቀጥለውን ነገር ጠበቀ። ሳይመጣ ሲቀር፣ «እና?» አለ። «ሺህ ጊዜ ያየኸው አይደል እንዴ?»

ፍሎሪስ ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ።

«ልክ ነህ ልጄ» አለው። «ሺህ ጊዜ።»