ለጋሼ ያሸተትኩለት ሆፕስ

ባለፈው ቅዳሜ ፍሪጄን ሳጸዳ ከታችኛው መሳቢያ ጥግ የተረሳ አይብ አገኘሁ። ፕላስቲኩ ተነፍቷል። ስቀደው የወጣው ሽታ ግን የአይብ ብቻ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ጫማ ውስጥ የዋለ ካልሲ፣ የራሰ ካርቶንና ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ ጋራዥ አንድ ላይ ነበር። አይቡን ጥዬ፣ መሳቢያውን አጥቤ፣ መስኮት ከፍቼም አልለቀቀኝም። ተቀመጥኩና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰብኩት። ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ለእናንተ ላውራው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ላይ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ ከመጣሁ ገና መንፈቅ ቢሆነኝ ነው። ካናል ዊንቸስተር፣ አዳዲስ ቤቶች ከተደረደሩበት ሰፈር፣ የአንድ ባልና ሚስት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱን፣ ተከራይቼ እኖር ነበር። ባልየውን ጋሼ፣ ሚስትየዋን እትዬ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ጋሼን «አንቱ» ስለው ሳምንት ሳይሞላ «አርጅቻለሁ እንዴ?» ብሎ አስተወኝ። ሁለታችንም የምንሰራው እዚያው አካባቢ ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ እሱ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ይነዳል፣ እኔ ካርቶን አሽጋለሁ። እትዬ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሰራለች። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ የምትመልስ።

ጋሼ አገር ቤት ሳለ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ሰርቷል። ያ ዓመት ሁሉም ነገር ሲዘጋጋና ቤት መዋል ሲበዛ፣ ጋራዡ ውስጥ ትልቅ ድስት ጥዶ ቢራ መጥመቅ ጀመረ። እትዬ ጴንጤ ናት፤ መጠጥ የሚባል አትወድም። ሆኖም አልከለከለችውም። ጋራዡን ከኩሽናው የሚለየውን በር በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ «ከዚህች በር ወዲህ አንድ ጠርሙስ እንዳላይ» አለችው። ጋሼም በሩን አከበረ።

ሆፕስ ምን እንደሆነ ያወቅኩት እዚያ ነው። ለጠላ ጌሾ እንደሚገባው ሁሉ ለቢራ የሚገባ አበባ ነው፤ ምሬቱንም ሽታውንም የሚሰጠው እሱ ነው። ጋሼ በትንሽ በትንሹ መግዛት አይወድም። «ትንሿን ፓኬት ስትገዢ የማታውቂውን ሰው ፍሪጅ ማመንሽ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ መስከረም ላይ፣ አዝመራው በተሰበሰበ ሰሞን፣ ሉዊስ ሴንተር ከሚባለው ከተማ አልፎ ወዳለ አንድ እርሻ ሄድን።

የደረቀው ሆፕስ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ነበር፤ ክብደት የሌለው፣ ሲነኩት እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ አረንጓዴ አበባ። ጋሼ እፍኝ ያህል ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። ከሰው ራቅ ብሎ ማስኩን አወረደና አበባውን በመዳፎቹ መሃል አሽቶ አፍንጫውን ቀበረበት። ብዙ ቆየ። ከዚያ መዳፉን ወደኔ ዘረጋ።

«ምን ይሸትሻል?»

«ሎሚ።»

«ሎሚ ብቻ?»

እንደገና አሸተትኩ። «የሎሚ ልጣጭ። ከስሩ ደግሞ በሶብላ ነገር።»

«ጥሩ አፍንጫ አለሽ» አለኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዌርሃውሱ ሲቀጥረኝ እንኳ አላገኘሁትም።

ሁለት ትልልቅ ጆንያ ጭነን ተመለስን። በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተን ስናሽግ ዋልን። እኔ እየመዘንኩ ብርማ ከረጢት ውስጥ እከታለሁ፤ እሱ አየር መምጠጫው ማሽን ላይ ያደርገዋል። ማሽኑ እንደሚያንኮራፋ ሰው ይጮህና ከረጢቱ ጭምድድ ብሎ እንደ ጡብ ይደርቃል። «ሦስት ጠላት አለው» አለኝ ጋሼ፤ «አየር፣ ሙቀት፣ ብርሃን።» በእያንዳንዱ ላይ ቀኑን ጽፈን፣ ከሰው በገዛው ያገለገለ ትልቅ ፍሪዘር ውስጥ ደረደርነው። እትዬ ምግብ አብሮ እንዳይገባ አዘዘች። «ሥጋዬ ሆፕስ ሆፕስ እንዲለኝ አልፈልግም» አለች። ፍሪዘሩ የሆፕሱ ብቻ ሆነ።

ኅዳር ላይ ኮቪድ ቤታችን ገባ። ሁላችንም ታመምን፣ ሁላችንም ዳንን። የጋሼ ማሽተት ግን አልተመለሰም። መጀመሪያ ይስቅበት ነበር፤ የልጅቷን ካልሲ ከጫማዋ አውጥቶ «ዛሬ ጀግና ነኝ» እያለ ወደ ማጠቢያው ይወስዳል። ጥር ላይ መሳቁን ተወ። አንድ ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ከረጢት ከፍቶ፣ ፊቱን ከቶበት ቆሞ አገኘሁት። ቀና ሲል ቅንድቡ ላይ አረንጓዴ ብናኝ ነበር።

«ምንም» አለ። «አየር ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ አሸትለት ጀመር። ቃል አስተማረኝ። «ጥሩ ነው» ማለት አይበቃም፤ የታጨደ ሳር ነው? የብርቱካን ልጣጭ ነው? ጤና አዳም ነው? አሁን የተላገ እንጨት ነው? እኔ ያልኩትን ሳይጨምር ሳይቀንስ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ስንት ግራም እንደሚጨምር፣ ድስቱ ከፈላ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚጨምር የሚወስነው በዚያ ነው። በዚያ የብርድ ወራት የጠመቃቸው ቢራዎች ጥሩ ነበሩ። ጥሩ መሆናቸውን የሚያውቀው ግን ስነግረው ነው።

በሚቀጥለው ሰኔ የመጀመሪያ መኪናዬን ገዛሁ። ያገለገለች ናት፤ ወንበሯ በውሻ ጸጉር ተሞልቷል። ላጸዳት የጋራዡን በር ከፍቼ ቫኪዩም ክሊነር ጎተትኩ። የሚቀርበኝ ሶኬት ፍሪዘሩ የተሰካበት ነበር። ነቀልኩት፣ መኪናዬን አጸዳሁ፣ ቫኪዩሙን ወደ ቦታው መለስኩ። ፍሪዘሩን መልሼ ግን አልሰካሁትም። ያ ሰሞን ዌርሃውሱ ኦቨርታይም ያበዛበት ስለነበር ጋሼ መጥመቁን ትቶት ነበር፤ ማንም ሳይከፍተው ወር ሊሞላው ጥቂት ቀረው። ፀሐይ ሲመታው የጋራዡ በር ከውስጥ በኩል እጅ ያቃጥላል።

ከዚያ ጋሼ አንድ ቀን ሲስቅ መጣ። የድሮ አለቃው፣ ፋብሪካው ውስጥ ሙያ ያስተማሩት ሰው፣ ሉዊስ ሴንተር የሚኖር ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት እየመጡ ነው። «ቢራዬን ሳላቀምሳቸው አይመለሱም» አለ። «ሂጂ እስቲ፣ ካምናው ሁለት ከረጢት አውጪና አሽቺልኝ።»

የፍሪዘሩን ክዳን ሳነሳ ቅዝቃዜ አልወጣም። ከስር ውሃ አቁሯል። ማሸጊያቸው በደንብ ያልያዘና ቀደም ብለን ከፍተን በመቆንጠጫ የዘጋናቸው ከረጢቶች ውሃ ገብቷቸዋል፤ ሌሎቹ እንደ ትራስ ተነፍተዋል። ሁለት ከፍቼ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገለበጥኩ። ያ ሽታ መጣ፦ ያደረ አይብ፣ የእግር ላብ። ወለሉ ላይ የተጋደመውን የኤሌክትሪክ ገመድ አየሁት። ወዲያው አጎንብሼ ሰካሁት። ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ፤ ክዳኑን ዘጋሁ።

ጋሼ ደብተሩን ይዞ ገባ። «እንዴት ነው?»

ያኔ መናገር ይቻል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«ሎሚው አለ?»

«አለ።»

እፍኝ ዘግኖ አየው። «ቀለሙ ትንሽ ደከም ብሏል።»

«ዓመት ሊሞላው እኮ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለና ጻፈ። ሎሚ ብሎ ሲጽፍ አየሁት።

ቢራው እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በየቀኑ አብረን ወደ ሥራ እንሄድ ነበር። በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ እልና መኪናው ይቆማል፣ እንወርዳለን። ከቤት ያስወጣኛል ብዬ አልነበረም የፈራሁት። ጥሩ አፍንጫ አለሽ ያለኝ ሰው ሌላ ምንም እንዳይለኝ ነው።

አለቃው ሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ቀጭን፣ ኮታቸውን በሙቀት የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። ጓሮው ሳር ላይ ወንበር አወጣን። ጋሼ ብርጭቆ ሞልቶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ቀለሙን አዩ፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ለአንድ አፍታ ዓይናቸው ቆመ። ጎንጨት አሉ።

«ምሬቱ ልክ ነው» አሉ። «አረፋውም አልወረደም።»

ጋሼ ጠበቀ። «ሽታውስ፣ አለቃ?»

«እኔማ አረጀሁ ልጄ፤ አፍንጫዬ እንደ ድሮው አይደለም።»

ልጅቷ ሳህን ልታነሳ መጥታ ነበር። የአባቷ ብርጭቆ ላይ ጎንበስ አለችና አፍንጫዋን ያዘች። «ዳዲ! ዚስ ስሜልስ ላይክ ሶክስ!» ካልሲ ካልሲ ይሸታል ማለቷ ነው።

እትዬ ከኩሽናው በር ላይ «አንቺ!» ብላ ጮኸችባት። ማንም አልሳቀም። ጋሼ ወደኔ ዞረ። እኔ ሳሩን አየሁ። ሽማግሌው ምንም እንዳልሰሙ ስለ አንድ የድሮ የሥራ ጓደኛቸው ሰርግ ማውራት ጀመሩና እያወሩ ብርጭቆውን እስከ ታች ጠጡት። ሲሄዱ ጋሼን አቅፈው «እጅህ አለ» አሉት። አፍንጫን አላነሱም።

መኪናቸው እንደሄደ ጋሼ ጋራዡ ውስጥ ጠራኝ። ነገርኩት፤ ስለ ሶኬቱም፣ ስለ ውሃውም፣ ሎሚ አለ ስላልኩትም። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ፍሪዘር ይነቀላል» አለ። «ሰው ነሽ፣ ትረሺያለሽ። እኔ ግን ጠይቄሽ ነበር።»

«ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።» ድስቱን አገላብጦ አየ። «ያስተማሩኝ ሰው ፊት ተቀምጬ፣ የራሴን ቢራ ሳላውቀው አቀረብኩላቸው።»

በማግስቱ ሁሉንም ከረጢት ከፍተን በጥቁር ፌስታል አጥብቀን አሰርነው። ለአትክልቱ ማዳበሪያ ይሆናል ብዬ ነበር፤ «የጎረቤት ውሻ አለ፤ ሆፕስ ለውሻ መርዝ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታው አልቀረም፤ አብሮ መሄዱም አልቀረም። መጠየቁ ግን ቀረ። አንድ ቀን እትዬ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች አስቆመችኝ። «ስለ ቢራው እኔን አታናግሪኝ» አለች። «ጌታ ያውቃል፣ ስለ እሱ አላለቀስኩም። ስለ ሰውየው ግን ልንገርሽ። ወጡ አይሸተውም። ሳሙናው አይሸተውም። የልጁ ጸጉር አይሸተውም። ቤቱን የሚያውቀው እኛ ስንነግረው ነው። የሰበርሽበት ያንን ነው።»

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅኩም። ስለዚህ በነጋታው ወደ ሥራ ስንሄድ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «አስፋልቱ ላይ ዝናብ ዝናብ ይሸታል» አልኩ። መንዳቱን ቀጠለ። በሚቀጥለው ቀን «እዚያ ቤት ሳር አጭደዋል፤ ቤንዚንም አለበት» አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ የመኪናው አየር ማስገቢያ አቧራ አቧራ ይላል ስለው መሪውን እንደያዘ፣ «ደረቅ አቧራ ነው ወይስ የተቃጠለ?» አለኝ።

«የተቃጠለ» አልኩ።

መስከረም ላይ የቤዝመንቱን በር አንኳኳ። «ነገ ኦፍ ነሽ?» እርሻው ሄድን። ባለቤትየዋ የመጀመሪያውን ክምር ከፍታ አጠገባችን ቆመች። ጋሼ እፍኝ ይዞ በመዳፎቹ መሃል አሽቶ ዘረጋልኝ።

«ነጭ ሽንኩርት» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። አትግዛው።»

ሆፕስ ዘግይቶ ሲለቀም ነጭ ሽንኩርት እንደሚሸት ለሴትየዋ በእንግሊዝኛ አስረዳት። ፊቷ ትንሽ ቀላ፤ ግን ሌላ ክምር አሳየችን፤ በሳምንት ቀድሞ የተለቀመ ነው አለች። ያኛው የማንጎ ልጣጭና አረንጓዴ ሻይ ይሸት ነበር፤ እንደዚያው ነገርኩት። አንድ ትንሽ ጆንያ ብቻ ገዛ። ሁለተኛ ልጫን ብዬ ስጠይቀው፣ «ምን ያደርግልኛል» አለ። ቤት እንደገባን የፍሪዘሩን ገመድ ከግድግዳው ጋር በሰፊ ቴፕ አጣበቀው።

በሁለት ሺህ ሃያ ሁለት ሚያዝያ ላይ ዳውንታውን አጠገብ ያለ ሆስፒታል ሥራ አግኝቼ ለቀቅኩ። ጋሼ ዕቃዬን በራሱ መኪና አመላለሰልኝ። ወር እንዳለፈኝ አንድ ጠዋት፣ የሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን እያቆምኩ፣ ኮል አደረገልኝ።

«ወተት አረረብኝ» አለ።

«እና?»

«ሸተተኝ።»

«እትዬ ምን አለች?»

«ሥራ ናት፤ ስልክ አታነሳም። ድስቱን እስካሁን አላጠብኩትም።» ሳቁ አለቃው ከመጡ ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ ነበር።

«ሆፕሱንስ ሞከርከው?»

«ሞከርኩት። እሱ የለም። ሐኪሙ የሚመለሰው ይመለሳል፣ የማይመለሰው አይመለስም ነው የሚለው።» ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ያ የመጨረሻው እንዴት ነበር?»

«የማንጎ ልጣጭ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሻይ፣ ከስሩ ደግሞ…»

«አትቸኩዪ» አለኝ።

ሺፍቴ ሊጀምር አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ሞተሩን አጠፋሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ ቀስ ብዬ ነገርኩት።