የደቦው ደብተር

ትናንት ከፒያሳ የተሳፈርኩበት ባጃጅ መስታወት ላይ አንዲት ሲዲ ተንጠልጥላ ትሽከረከር ነበር። ብርሃኗ ዓይኔን ሲወጋኝ ደሜ ፈላ። ሾፌሩን "አውርዳት!" ብዬ ልጮህበት ምንም አልቀረኝም። አትሳቅ፤ ምክንያት አለኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ እንዲህ ያለች ሲዲ፣ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒዩተር ማስኬጃ ፕሮግራም ያለባት፣ በፖስታ በነፃ መጥታልኝ ነበር። ነጋዴው አባቴ ፖስታውን አገላብጦ አይቶ "በነፃ የሚሰጥ ዕቃ አንድ ነገር አለበት" አለ። እኔ ግን የትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክበብ ሊቀመንበር ስለነበርኩ የላቦራቶሪው ቁልፍ በእጄ ነበር። ከአሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ ጫንኳት። ክፍሉ የጋለ አቧራ ይሸታል፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራል።

ድምፁን ሰምተው የአማርኛ አስተማሪያችን ገቡ። የኔታ ነበር የምንላቸው። ትክል ድንጋይ የሚባል አገር ሰው፣ የቁም ጸሐፊ ልጅ ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል፤ እንግሊዝኛቸው ፊደል ከመለየት ብዙም አያልፍም። "ይህ የማን ነው?" አሉኝ። የማንም እንዳልሆነ፣ ብርድ አገር ያለ አንድ ተማሪ ጀምሮት በየአገሩ ያሉ ሰዎች ያለ ክፍያ እየጨመሩበት እንዳደገ፣ ማንም ወደ ቋንቋው ሊመልሰው እንደሚችል ነገርኳቸው።

"ደቦ ነዋ!" አሉ። "ምነው እስካሁን ሳትነግሪኝ? እኔ ከደቦ ቀርቼ አላውቅም።"

በዚያው ጀመርን። ከትምህርት በኋላ እኔ የእንግሊዝኛውን ትርጉም እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው የአማርኛ ቃል ይፈልጉለታል። "ፎልደር"ን "ማኅደር" ያሉት ቀን፣ አባታቸው የብራና መጽሐፋቸውን ይከቱበት የነበረውን የቆዳ ማኅደር ሽታውን ሳይቀር አጫወቱኝ። ኮምፒዩተሩ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ ደግሞ በደብተር ይገለብጡ ነበር።

"ኮምፒዩተር እኮ አይረሳም፣ የኔታ" ብዬ ሳቅሁባቸው።

"አባቴም አይረሳም ነበር" አሉና መገልበጣቸውን ቀጠሉ። "ጡረታ ሳልወጣ ይህ ዕቃ ባማርኛ ሲናገር ልየው እንጂ!"

ሁለተኛው መንፈቅ ሲከፈት የጥገና ባለሙያው መጣ። በየመንፈቁ ኮምፒዩተሮቹን ሁሉ ደምስሶ አዲስ መጫን ልማዱ ነው፤ የማያውቀው ነገር ሁሉ ለእሱ ቫይረስ ነበር። የእኛንም ሳይጠይቅ ደመሰሰና የተለመደውን እንግሊዝኛ ጫነ። "አጸዳሁላችሁ" አለኝ እየሳቀ። የአራት ወር ልፋት! ጭራሽ ሲዲዋን ለጌጥ ሞተር ብስክሌቱ ላይ አስሯት ሄደ። ዛሬም ሳስበው ጥርሴን አፋጫለሁ።

በማግስቱ የኔታ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ሁሉም ነበር፤ አንዲት ቃል አልጎደለችም። "ሸጋ አድርገን እንደገና እንጻፈው" አሉኝ። እኔ ግን በዚያ ደንቆሮ የተናደድኩትን በሳቸው ላይ ተወጣሁት።

"ይበቃል! ለዚህ አገር ምን ያደርግለታል? ደቦው ፈርሷል!"

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

"አንቺ ከሌለሽ ትርጉሙን ማን ይነግረኛል፣ ልጄ?" ሲሉ ከኋላዬ ሰምቻቸዋለሁ። አልተመለስኩም።

ያን የጥገና ሰውዬ ስረግመው ስንት ዓመት ኖርኩ! እሱ ያጠፋውን እኮ የኔታ በእጃቸው ይዘውት ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ አርባቸው ከወጣ በኋላ፣ ሴት ልጃቸው አፈላልጋ መጥታ ደብተሩን ሰጠችኝ። "አባባ 'ለተማሪዬ አድርሺልኝ' ብሎ ነበር" አለችኝ።

እኛ ካቆምንበት ወዲህ አሥራ ስድስት ገጽ ተጨምሮበታል። በግራ በኩል የእንግሊዝኛ ቃላት፣ በእርሳስ፣ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ሥዕል ተስሎ። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ያ ሰውዬ ከጫነው እስክሪን ላይ የገለበጡት ነው። በቀኝ በኩል ያለው የአማርኛው ቦታ በማስመሪያ ተሰምሮ እስከ መጨረሻው ገጽ ባዶ ነው።

ስንት ጊዜ እርሳስ ይዤ ልሞላው ተቀመጥኩ። ትርጉሙን ሁሉንም አውቀዋለሁ። ቃሉን የሚሰጠኝ ሰው ነው የሌለው።