ብልጭ ብሎ የሚጠፋው መስኮት

ሥራ የገባሁበት ዕለት የዋሸሁት በአንዲት ፊደል ነው። ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ለኮምፒውተር ጥገና ተወዳድሬ የተቋሙ ዲን ፊት ቆሜያለሁ። የፕሮግራሚንግ አሠልጣኙ ባሕር ዳር የተሻለ አግኝቶ ሄዶባቸዋል። ወረቀቴን እያገላበጡ፣ "ሲ ትችላለህ?" አሉኝ።

"እንደ ውዳሴ ማርያም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ጥገናውን ተወው፤ ሰኞ ክፍል ትገባለህ። የሙከራ ጊዜህ ሳያልቅ ገብቼ አይሃለሁ። ካልሆነልህ እንሰነባበታለን።"

ሲ ስለሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የማውቀው ፊደሉ ከኤ እና ከቢ ቀጥሎ መምጣቱን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ተቀብዬ ገባሁ። አሥራ ሁለት ኮምፒውተር አለ። ስምንቱ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ሲመቱ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ለግርማ ሞገስ የተቀመጡ ናቸው። የሄደው አሠልጣኝ የተወልን ተርቦ ሲ የሚባለውን አሮጌ የሲ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ስከፍተው ስክሪኑ ጣናን አከለ፤ ሰማያዊ ብቻ። ማውሱ አይታዘዝም። መውጫውን ብፈልግ ብፈልግ አጥቼ በመጨረሻ ሶኬቱን ነቅዬ ወጣሁ። ለጀማሪ እንደማይመች በዚህ አረጋገጥኩ፤ ጀማሪው እኔ ነበርኩና።

ከዚያ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ለጀማሪ የሚሆን የሲ ሶፍትዌር ብዬ ስፈልግ፣ ለካ ዓለም ሁሉ በዚሁ ይጨቃጨቃል። አንዱ ያወደሰውን ሌላው ይረግመዋል። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር የሚመጣ ስለሆነ ትልልቆቹን አልተመኘሁም፤ ዴቭ ሲ የሚባለውን ትንሹን መረጥኩ። ትንሽ ይባል እንጂ ወርዶ እስኪያልቅ ጢሜ ደረቴ ደርሷል።

በፍላሽ ወስጄ ጫንኩት። ገጹ ነጭ ነው፣ ማውስ ይታዘዛል፣ አዝራሮቹ ከላይ ተደርድረዋል። ከመጽሐፍ ላይ አንዲት ሰላምታ የምትጽፍ ፕሮግራም ገልብጬ አስኬድኩ። ጥቁር መስኮት ብልጭ አለና ጠፋ። ደገምኩት። ብልጭ፣ ጥፍት። እሁድንም እንዲሁ ስንተያይ ዋልን።

ሰኞ ሃያ ሠልጣኝ ፊቴ ተቀመጠ። ከፊት ወንበር ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ መሪጌታ ልሳነወርቅ አሉ። ሮብ ገበያ አጠገብ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ የበዓላቱንና የአጽዋማቱን ቀን በቁጥር የሚያወጡ። ያንን ስሌት ኮምፒውተር ሲሠራው ለማየት ጓጉተው፣ ተማሪዎቻቸውን ለሌላ መምህር አደራ ሰጥተው መጥተዋል።

ሁለት ሁለት እየሆኑ ሁሉም ጻፉ፤ ሁሉም አስኬዱ። መስኮቱ በየማሽኑ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

"መምህር፣ ምንም የለም እኮ" አለች አንዷ ሠልጣኝ።

"አለ" አልኩ። "ከዓይናችሁ ስለሚፈጥን ነው። ሲ የፍጥነት ቋንቋ ነው። ዓይናችሁን ሳታርገበግቡ ማየት ልመዱ።"

ይህን ነገር አፌ ውስጥ ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሃያ ሰው አንገቱን አስግጎ፣ እንደ ጉጉት አፍጥጦ ከረመ። ከእንባው ብዛት የጽዳት ሠራተኛዋ ጣሪያው ያፈሳል ብላ አመልክታለች። ከኋላ ወንበር ያለ አንድ ጎልማሳ ግን በየቀኑ "አየሁት" ይላል። ከእኔ የባሰም ውሸታም አለ ብዬ ተጽናናሁ።

ዲኑ ዓርብ እንደሚገቡ አስታወቁኝ። ሐሙስ ከሰዓት ትምህርቱ ሲያልቅ ሁሉም ወጣ፤ መሪጌታ አልተነሡም።

"መምህር፣ የእኔ ዓይን ብራና ላይ ያለቀ ነው፤ ይህን ነገር አልይዝልኝ አለ። እርስዎ ግን ያዩታል?"

"ጥርት አድርጌ።"

"እንግዲያው ይቺን ያንብቡልኝ።" አዝራሩን ተጫኑ። ብልጭ፣ ጥፍት።

"ሰላም ለሁላችሁ ይላል" አልኩ።

"አይልም።" ወንበራቸውን ገለል አድርገው የጻፉትን አሳዩኝ። ሰላምታውን አጥፍተው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል 'መምህሬ ሲ አያውቁም' የሚል ተክተውበታል።

ሄጄ በሩን ዘጋሁ። "ለዲኑ ይነግሩብኛል?"

"ለምን ብዬ? እርስዎ ከተባረሩ ማን ሊያስተምረኝ ነው?" ጥቂት አሰቡና፣ "ባያውቁትም" አሉ።

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞሩ። "ይህ ነገር አልተበላሸም። የታዘዘውን ስለጨረሰ ነው የሚሄደው። የእኔም ተማሪ የተሰጠውን ብሎ ሲጨርስ ብድግ ይላል፤ እንዲቆይ ስፈልግ ጥያቄ እጥልበታለሁ። ጠይቆ መልስ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ትእዛዝ የለውም?"

ነበረው። መጽሐፉ ምዕራፍ ሁለት ላይ ተጽፏል፤ እኔ ምዕራፍ አንድን አልፌ አላውቅም። ከተጠቃሚው ቁጥር የምትቀበለዋን ትእዛዝ መጨረሻ ላይ ጨመርን። መስኮቱ መጣ፤ ቆመ። 'መምህሬ ሲ አያውቁም' የሚለውን ሁለታችንም ረጋ ብለን አነበብነው።

ዓርብ ዲኑ ማስታወሻቸውን ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። አፌ ሌላ ውሸት አሰናድቶ ነበር፤ ማሽኖቹን ዛሬ አዘግይቻቸዋለሁ ልል ነው። መሪጌታ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

"አታርገብግቡ ያልኳችሁ ውሸት ነው" አልኩ። "መስኮቱ ለምን እንደሚጠፋ አላውቅም ነበር። ትናንት ያሳወቁኝ መሪጌታ ናቸው።"

'አየሁት' ባዩ ጎልማሳ አንገቱን ደፋ። ዲኑ አንድ ነገር ጻፉ።

መሪጌታን አስነሣኋቸው። ለባሕረ ሐሳባቸው መነሻ የሚሆን፣ ዓመተ ምሕረቱ ላይ አምስት ሺህ አምስት መቶ ደምሮ፣ ለአሥራ ዘጠኝ አካፍሎ ቀሪውን የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፉ። ሲያስኬዱት ሶፍትዌሩ እምቢ አለ፤ ከመስመር ሰባት በፊት ሴሚኮለን የሚባለው ምልክት ጎድሏል ብሎ መስመሩን ቀይ ቀባው። ሞሉለት። መስኮቱ ወጣ፤ ቁጥሩን ይዞ ቆመ። መሪጌታ በጣታቸው አስልተው "ልክ ነው" አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ሳቡ፤ እስከ ዕረፍት ሰዓት ያነሣቸው አልነበረም።

"ይህ ሶፍትዌር ለጀማሪ ይሆናል ትላለህ?" አሉኝ ዲኑ ሲወጡ።

"ይሆናል። ስህተቱን ከነመስመሩ ይናገራል።"

"አንተን በሁለት ሳምንት ይበልጥሃላ።"

ሪፖርታቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ "በሥራው ይቀጥል። ሲንም ይማር።"

ተማርኩም። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሶፍትዌሮች መጥተዋል፤ ኮድ ብሎክስ የሚባለው መስኮቱን ራሱ ይዞ ይቆያል። ወጣት አሠልጣኞች ለጀማሪ የቱን እንጫን ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው። ማሽናችሁ የሚችለውን፣ ስህተቱን ከነመስመር ቁጥሩ የሚናገረውን ጫኑ። እኔ የራሴን ስህተት ለመናገር ሁለት ሳምንትና አንድ መሪጌታ አስፈልጎኛል።