ጩኮና የኋላው ወንበር

መኪናዬ ሰባት ሰው ትጭናለች። ከፊት ሁለት፣ ከመሀል ሦስት፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ወንበር አላት። የኋለኛውን ረድፍ ሲያጥፉት ከወለሉ ጋር እኩል ይሆንና መደብ የመሰለ ሰፊ ቦታ ይከፍታል። ስገዛት አሰላ ውስጥ ያልሳቀብኝ የለም። ከጨርቅ ሱቄ ፊት ለፊት ሽቶ የምትሸጠው ጎረቤቴ፣ «አንቺ፣ አውቶቡስ ተራ ልትገቢ ነው እንዴ?» አለችኝ። እኔም «አዎ፣ አንቺን ረዳት አድርጌ» አልኳት።

መንዳት የተማርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ስለወጣሁ የማውቀውን ሁሉ ከመጽሐፍና ከሰው አፍ ነው የለቀምኩት፤ መኪናዋንም እንደዚያው። ከአይሱዙ ሾፌሮች ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስን ተማርኩ። ከሰፈራችን ጎሚስታ ደግሞ ጭቃ ሲገጥም ከጎማ ላይ ጥቂት ነፋስ ማስተንፈስን። ሁሩታ ገበያ ድረስ ጨርቅ ጭኜ ስመላለስ አንድም ቀን አላሳፈረችኝም። እንዲህ ስላት ሰው ይስቅብኛል እንጂ ያቺ መኪና ጨዋ ናት፤ በዝግታ ከያዝሻት የማትገባበት የለም።

ታሪኩ ግን የአማቴ ነው።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት ማለት ነው፣ አብረውን ይኖራሉ። ከሰዓት በኋላ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው ጭላሎን ያያሉ። ከጭላሎ ወዲያ ያለው የጋለማ ተራራ ከደጃችን አይታይም፤ እሳቸው ግን የሚያዩት እሱን ነበር። ልጅ ሳሉ በበጋ ከብቱ ወደ ደጋው ሲወጣ ከእናታቸው ጋር እየወጡ ወራቱን ሁሉ እዚያው ያሳልፉ ነበር። ከተዳሩ ወዲህ ተመልሰው አላዩትም። አንድ ቀን፣ «አንዲት ሌሊት እዚያ አድሬ ብመለስ» አሉ። ልጆቻቸው ሳቁ። ጉልበታቸው በፈረስ አያስኬድም፣ በእግርማ አይታሰብም።

«ሳቁ እንጂ» አሉ። «ዘንድሮ በከዘራ ነኝ። ለከርሞ በሰው ትከሻ እሆናለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚወስደኝ ቃሬዛ ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ ተራራ አይሄድም።»

እኔ ያን ጊዜ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። «እኔ እወስድዎታለሁ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ፤ ግን ቃል ቃል ነው።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ኮምባይነሮቹ ስንዴው ውስጥ ሲገቡ፣ ትልቋ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጣች። ከጓደኞቿ የተዋሰችውን ድንኳን ይዛለች። «እማዬ፣ ካምፒንግ እንሂድ» አለች። ባለቤቴ፣ «ቤት እያለን ሜዳ ላይ ብናድር ሰው ምን ይላል?» ብሎ ሲያንገራግር አማቴ ከዘራቸውን አንስተው መኪናዋ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

የኋላው ረድፍ ሲዘረጋ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ አንድ ክንድ አይሞላም። ድንኳኑን ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ አሰርነው። እኔ ሁለት ዶሮ ሠርቻለሁ፣ ጥብስም አለ፤ ተራራ ላይ እንዳንዋረድ ብዬ ነው። አማቴ ደግሞ ቆሪ ሙሉ ጩኮ ይዘው መጡ። ጩኮ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፤ ቆሪው ደግሞ የእንጨት ዕቃ ሆኖ ሕፃን ያህላል።

ባለቤቴ፣ «እማዬ፣ ለአንድ ሌሊት እኮ ነው የምንሄደው» አላቸው። «ይህን ሁሉ ማን ሊበላልሽ ነው?»

«ባዶ እጁን ተራራ የሚወጣ ዝንጀሮ ነው» አሉ፤ ቆሪውንም ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

አንድ ጥፋት የሠራነው እዚህ ላይ ነው። ታላቅ ሰው ጋቢና ነው የሚቀመጠው፤ ይህን ማንም ያውቃል። እኛ ግን የፊቱ መስኮት ነፋስ ያስገባል፣ ቀበቶውም ያስጨንቃቸዋል ብለን በጋቢ ጠቅልለን፣ ግራና ቀኝ ትራስ ደግፈን መሀል ወንበር ላይ አደላደልናቸው። ልጆቹ ከኋላ ገቡ። ባለቤቴ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ክብር መስሎን ነው።

ሳጉሬን አልፈን የጠጠሩን መንገድ ያዝን። ገብሱ ከግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ከዚያ እርሻው አለቀ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ጀመረ፣ ጠጠሩም ወደ ከብት መንገድ ተለወጠ። እኔ ፎር ባይ ፎሯን አስገብቼ በአንደኛ ማርሽ ስወጣ መኪናዋ ድንጋዩን እንደ ደረጃ ትረግጠው ነበር። ሜዳው ላይ ስንደርስ የስልኩ ኔትወርክ ጠፋ፣ መንገዱም አብሮ ጠፋ። ፊት ለፊታችን ምንጣፍ የመሰለ አረንጓዴ ሣር ተዘርግቷል።

«ቀጥ በይ» አለ ባለቤቴ። «ሜዳ ነው።»

ቀጥ አልኩ። አሥር ክንድ ሳንሄድ የፊት ጎማዎቹ ተዋጡ። ነዳጅ ስሰጣት ጭቃ ትረጫለች፣ የባሰውን ትሰምጣለች። ከኋላ ልጆቹ ሳቁ።

«ጨረሳችሁ?» የሚል ድምፅ ከመሀል መጣ። «እዚህ ቦታ የአባቴ በሬ ሰምጧል። በሰባት ሰው ነው የወጣው።»

«ታዲያ እማማ፣ ቀድመው ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ? እንደ ሙሽራ ጠቅልላችሁ አስቀመጣችሁኝ። ሙሽራ መንገድ ታሳያለች እንዴ?»

ባለቤቴ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሳይወርዱ፣ በመስኮት፣ በከዘራቸው እየጠቆሙ አዘዙን። ልጆቹ ጠፍጣፋ ድንጋይ ለቀሙ፤ ባለቤቴ የወዳደቀ የአስታ ጭራሮ እየጎተተ ጎማዎቹ ሥር አነጠፈ፤ እኔ የጎሚስታውን ምክር አስታውሼ ከአራቱም ጎማ ነፋስ አስተነፈስኩ። «እንግዲህ ወደ ኋላ» አሉኝ። «አትቸኩዪ። እርጉዝ ላም የምትነጂ አድርገሽ ያዣት።» እግሬን ከፍሪሲዮኑ ላይ በቀስታ እያነሳሁ ለቀቅኳት። መኪናዋ አቃሰተች፣ ጭራሮው ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያም ቀስ ብላ እንደምታፍር ሰው ወደ ኋላ ወጣች። መሪውን ሳምኩት፤ ልጆቼ ይህን እስከዛሬ ያወሩብኛል።

ከዚያ በኋላ አማቴ ጋቢና ገቡ። «የሚያብረቀርቅ ሣር ካየሽ ከሥሩ ውሃ ተኝቷል። ጓሳው ቁጥቋጦ እየሠራ የቆመበትን ያዢ፣ እሱ ድንጋይ ላይ ነው የሚበቅለው።» በልጅነታቸው ከፈረስ ጀርባ የተማሩትን ነበር ለጎማ የሚነግሩኝ። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። ከስልሳ ዓመት በላይ ያላዩትን መሬት እንደ ጓዳቸው ያውቁታል። እኔ ብዙ ያነበበ ሰው አይቻለሁ፤ ሣር እንዲህ የሚያነብ ግን አላየሁም።

ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል በተሰለፈበት ገደል ሥር፣ ከአንዲት ምንጭ አጠገብ፣ «ቁሚ» አሉኝ። በከዘራቸውና በባለቤቴ ትከሻ ተደግፈው ወረዱ። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘንድ ሄደው ቁጭ አሉበት። «እናቴ ቅሉን የምትንጠው እዚህ ተቀምጣ ነው» አሉ። ፊታቸውን ሳይ ቃሌን በመጠበቄ ደስ አለኝ።

ድንኳኑን ተክለን ሳንጨርስ አንድ ሰው በፈረስ መጣ። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ብርድ ልብስ ደርቧል፣ የላስቲክ ቦት ጫማ አድርጓል። ከታች የሚጤሰው ቤት የሱ ነው። ወርዶ ከአማቴ ጋር በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጠ፤ ከብቱም፣ ዝናቡም፣ ዘመዱም፣ የማን ልጅ እንደሆኑም እስኪጠያየቁ ረጅም ጊዜ ወሰደ። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኛ ጴንጤ ነን፤ ግን የአማቴን የአባታቸውን ጎሳ ሲሰማ እንደ ዘመድ አቀፋቸው። ከዚያ ድንኳኑን አየ።

«ለቅሶ ነው ወይስ ሠርግ?» አለ በአማርኛ ወደኛ ዞሮ።

«ካምፒንግ ነው» አለች ልጄ። «ልናድርበት ነው።»

«ሜዳ ላይ? እኚህ እናትም?»

«ወደው ነው የመጡት» አልኩ።

«እህቴ፣ ያ ጭስ ይታይሻል? የኔ ቤት ነው። ሽማግሌ ሴት የቤቴን ጭስ እያየች ሣር ላይ ብታድር ነገ ገበያ በየትኛው ፊቴ እወጣለሁ? በር ዘጋባት ነው የሚሉኝ።» ይህን ብሎ የድንኳኑን ካስማ ጎንበስ ብሎ ይነቅል ጀመር። ቀልድ አልነበረም።

ባለቤቴ ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ «እንሂድ፣ እናስቀይመዋለን» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እምቢ ማለት ሰውየውን ማዋረድ ነው። እሺ ካልን ግን የአማቴ ሌሊት ጠፋ፤ ነገ ተመላሾች ነን፣ ለከርሞ ደግሞ ያ ጉልበት የለም። አማቴን አየኋቸው። ከድንጋያቸው ላይ አልተነሡም።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «የኋላውን ወንበር እጠፊልኝ።»

የኋላውን በር ከፍቼ ሦስተኛውን ረድፍ አጠፍኩ። ጋቢያቸውን አነጠፉበት፣ ደግፈን አስቀመጥናቸው። ከዚያ ሰውየውን፣ «ልጄ፣ ግባ» አሉት። አመነታ። ታላቅ ሰው ግባ ሲል ግን አይታለፍም። ቦት ጫማውን አውልቆ መኪናዋ ሥር አስተካክሎ አቆመና ገባ። ልጄ እጁን አስታጠበችው። እኔ የዶሮውን ድስት ላነሳ ስል አማቴ በዓይናቸው መለሱኝ። ለካ ለተራራ ብዬ የያዝኩት ሁሉ ሥጋ ነው፤ እኛ ያረድነውን ደግሞ እሱ አይበላም። አማቴ ቆሪውን ከፈቱ። ያ «ማን ሊበላው ነው» ያልነው ጩኮ በቅቤው እያብለጨለጨ መጣ።

ሰውየው በላ። አማቴ እያዩት ጨመሩለት። እንደገና በላ።

«ጠገብክ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤያለሁ።»

«በማን ቤት ነው የበላኸው?»

ከራሱ በላይ ያለውን የመኪናዋን ጣሪያ አየ፣ የታጠፈውን ወንበር አየ፣ ደጅ ያቆመውን የራሱን ጫማ አየ። ሳቁ ከሆዱ መጣ።

«በእርስዎ ቤት» አለ።

«እንግዳ የበላበትን ቤት ባለቤቷን ውጪልኝ ይላል?»

«ኧረ አይልም።»

«እንግዲያው ጎረቤቴ ነህ። ገበያ ላይ የሚጠይቅህ ካለ፣ አሮጊቷ ቤቷን ይዛ ነው የመጣችው በለው። ወተት ካለህ ጠዋት አምጣልኝ፤ ይህን ጩኮ ደግሞ ለልጆችህ ውሰድ።»

ጩኮውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ሲወጣ የደረበውን ብርድ ልብስ አውልቆ እግራቸው ላይ ጣለላቸው። «ይሄ ግን የጎረቤት ነው» አለ፣ ካስማውንም ራሱ መልሶ ተከለልን።

እኔ በዚያ ሌሊት ከአማቴ ጎን፣ የታጠፈው ወንበር ላይ ተኛሁ። በኋላው መስኮት ተራራው ይታያቸዋል። ተኝተው ይሁን እያዩት አላውቅም፤ አልጠየቅኳቸውም።

ሲነጋ ሣሩ ውርጭ ለብሷል። ባለቤቴን ድንኳኑን ለልጆቹ ትቶ መሀል ወንበር ላይ ተኮራምቶ አገኘሁት። ሰውየው በቅል ወተት ይዞ ከታች ሲመጣ አየሁት። ቀጥ ብሎ ወደ መኪናዋ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረው፣ ግቢ ቢኖረን አጥሩ ይቆምበት ከነበረው ቦታ ላይ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወረ መና» ብሎ ተጣራ። እናንተ ቤቶች ማለት ነው፤ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ የሚለው።

አማቴ አልቸኮሉም። ተነሥተው ተቀመጡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ብርድ ልብሱን አጣጥፈው ወደ ጎን አደረጉ። ከዚያ እኔን፣ «በሩን ክፈቺለት» አሉኝ።