ባሌ መሸነፍ አይችልበትም

የልጅ ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ትደቅንና «እማማ፣ ይሄኛውስ ጌም እንዴት ነው?» ትለኛለች። እኔ ሁሌም «የማይረባ» ነው መልሴ። የመኪናው የማይረባ፣ የከረሜላው የማይረባ፣ የኳሱ የማይረባ። ስታሸንፍ ደግሞ «እጅሽ እንጨት ነው፣ ዕድል ነው ያወጣሽ» እላታለሁ። እሷ ትስቃለች። እናቷ ግን «ልጄን ተስፋ አታስቆርጪብኝ!» ብላ ትቆጣኛለች። ትቆጣ። እኔ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ጌም አይቼ የልቤን ተናግሬ ነበር። ያ ይበቃኛል። ፊደል አልቆጠርኩምና ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ያላልኩትን ከጨመረች ኃጢአቱ የራሷ ነው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፣ መካኒሳ። ያኔ መካኒሳ እንደዛሬው ሰው በሰው ላይ አልተደራረበባትም። ከጓሯችን ቀጥሎ የገበሬ ማሳ ነበር፤ የጎረቤት በሬ አጥር ጥሶ ገብቶ ጎመኔን የሚበላበት ዘመን ነው። ባሌ ከአቦ ቤተክርስቲያን ወረድ ብላ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ሬዲዮ ይጠግናል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። መልኩን ተዉት፣ መልክ ፈልጌ አላገባሁትም። እጁ ግን! ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ በካውያ ሲበይድ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም።

አንድ ክፉ ጠባይ ነበረበት፤ ሽንፈት አይወድም። ሌላው ወንድ በሠርጉ ሰሞን ለሙሽራው ገበጣ ይሸነፍላታል። እሱ ጠጠሬን ሙልጭ አርጎ ይሰበስብና «በይ ተነሺ፣ ውሃ አምጪልኝ» ይለኛል። እኔም ውሃውን አመጣና ግማሹን ጀርባው ላይ አፈሳለሁ። እንዲህ ነበር ፍቅራችን።

ጎረቤታችን መርከበኛ ነበር። አሰብ ወርዶ መርከብ ላይ ይወጣል፣ ከስንት ወር በኋላ ጠቁሮ ይመጣል። አንዴ ሲመጣ ሁለት ጉድ ይዞ መጣ። አንዱ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የጃፓን ሳጥን ነው፤ ማርሽ የመሰለ ዱላ አለው፣ ካሴት ትሰካበታለህ፣ ካሴቱን ስትቀይር ጨዋታው ይቀየራል። ሌላው ከሩሲያ የገዛት፣ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽዬ ነገር ናት። ቴሌቪዥን ግን ማን አለው? ቀበሌው ነዋ። የቀበሌውን ቴሌቪዥን ደግሞ የሚጠግነው ባሌ ነው። ባሌና መርከበኛው ሳጥኑንም ትንሿንም ይዘው ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄዱ።

ያን ሰሞን አዲስ ካድሬ ተመድቦልን ነበር። ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰው ሲያናግር ፈገግ የሚል። የሚጮህ ካድሬ አያስፈራም፤ ጮሆ ይወጣለታል። ይሄ ግን ነገሩን በሙሉ ደብተሩ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ሳጥኑን አገላብጦ አየና «ወጣቱ ከመጫወቱ በፊት እያንዳንዱ ጨዋታ ሂስ ይቀርብበታል። ጠቃሚው ይቀራል፣ ጎጂው ይወገዳል» አለ። እሁድ ከሰዓት ሁላችሁም ኑ ተባልን። የቀረ ሰው የስኳር ካርዱ ይያዛልና ማን ይቀራል?

አዳራሹ ጢም አለ። በሩ ላይ የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እሱ ቴሌቪዥኑን አላየም፤ እኛን ነበር የሚያየው። እኔ ከአሮጊቷ ጎረቤቴ ጎን ተሸጉጫለሁ። እትዬ ነበር የምላት፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደ እናት ሆና የምትቆነጥጠኝ እሷ ናት።

«መጀመሪያ ሰፊው ሕዝብ ይናገር» አለ ካድሬው። ሰፊው ሕዝብ ጭጭ። ሁሉም ጫማውን ያያል። እኔ ደግሞ ዝም ያለ ቤት ያሳክከኛል።

የመጀመሪያው ካሴት ተሰካ። ሁለት ዱላ ግራና ቀኝ ቆመው አንዲት ኳስ ይቀባበላሉ፣ ሌላ ነገር የለም። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ፣ ይሄ እኔና አማቴ ነን። አንዷ ትወረውራለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። ኳሷ ባሌ ነው።»

አዳራሹ ፈነዳ። ካድሬውም ፈገግ አለና ጻፈ። «ቀጥይ፣ ጓዲት።»

ቀጥይ ተብዬ! ሁለተኛው መኪና ነው፣ መንገድ ላይ ይበራል። «ይሄ ውሸት ነው፣ ጓድ። ነዳጅ ሳይቀዳ፣ ኩፖን ሳይጠየቅ፣ እሁድ ቀን እንዲህ የሚነዳ የማን መኪና ነው?» ሳቁ ቀነስ አለ። ሦስተኛው አንድ አፍ ነው፣ አፍ ብቻ፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየዞረ ነጠብጣብ ይለቅማል። «ይሄስ? ቀኑን ሙሉ ሲበላ ራሽን ካርድ የለው!» አልኩ። አሁን የሳቀ የለም። የእስክሪብቶው ጫጭ ጫጭ ብቻ ይሰማል።

«ጥሩ ትዝብት ነው» አለ ካድሬው በዚያ ለስላሳ ድምፁ። ትንሿን የሩሲያ ጌም ሰጠኝ። ዶሮዎች ከላይ እንቁላል ይጥላሉ፣ አንድ ሰውዬ ከሥር ቅርጫት ይዞ እየሮጠ ይቀበላል። አንዷ ካመለጠችው አበቃለት።

«ይሄ የሚያሳዝን ነው» አልኩ። «ዶሮዋ ትጥላለች፣ እሱ ይሮጣል፤ እንቁላሉን የሚበላው ግን አይታይም።»

መርከበኛው ሳል ያዘው። «ጓዲት፣ ያ እኮ ከሶቪየት ኅብረት ነው የመጣው...»

«ከሶቪየት ነው? እንግዲያው በጣም ጥሩ ነው!» አልኩ። እትዬ በነጠላዋ ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

የመጨረሻው ካሴት አውሮፕላን የሚመታበት ነው። ሰማዩ ጥቁር፣ አውሮፕላኖቹ ነጭ፣ እየተግተለተሉ ይወርዳሉ፤ ከታች ያለችው ትንሽ መድፍ ትተኩሳለች። «ማን ያሳየን?» ሲባል ባሌን ጎትተው አስቀመጡት። ዱላዋን በሁለት ጣቱ ያዛት፣ ልክ ካውያውን እንደሚይዛት። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! አንዷም አልተረፈችም። ጭው ይላል፣ ትወድቃለች። ጭው ይላል፣ ትወድቃለች። ፊቱ ላይ አንዲት ጡንቻ አልተንቀሳቀሰም። ሰው ሁሉ ማጨብጨብ ጀመረ።

እኔ ባሌን በሰው ፊት አመስግኜው አላውቅም። በኛ ዘንድ የራስን ነገር አያመሰግኑም፤ ዓይን ይበላዋል። እናቴ ከልጆቿ ሁሉ የምትወደኝ እኔን ነበር፣ «ይቺ ከሰል» ነበር የምትለኝ። ልጅ ቆንጆ ሲሆን «አስቀያሚ» ይባላል፣ ጎበዝ ሲሆን «ደንቆሮ»። ያን ቀን ግን ጭብጨባው አናቴ ላይ ወጣ። ብድግ ብዬ ቆምኩ።

«ጓድ፣ ይሄ ከሁሉም ይበልጣል! እዩልኝ ባሌን! አንዲት ጥይት አያባክንም፣ አንዲት አታመልጠውም። ዓይኑ የንስር ነው፣ እጁ አይንቀጠቀጥ!»

«ቱ ቱ በይ እንጂ! ምን ነካሽ!» አለችኝ እትዬ።

ካድሬው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አነሳና ለመጀመሪያ ጊዜ ባሌን አየው። ትከሻውን፣ እጁን፣ እግሩን፤ በሬ እንደሚገዛ ሰው።

«ዕድሜው ስንት ነው፣ ጓዲት?»

«ሃያ ሰባት!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ጻፈው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ጠመንጃውን ከአንድ ጭኑ ወደ ሌላው አዛወረ።

ያኔ ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣቱ እየተለቀመ ነበር። ሀና ማርያም አካባቢ ከየቤቱ ሄደዋል ይባላል፤ የሄደው ሰሜን ነው የሚላከው፣ የሚመለሰው ደግሞ... ተዉት። እኔ ይሄን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ጭብጨባ ውስጥ ሆኜ ረሳሁት። ወደ ቤት ስንሄድ ባሌ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እትዬ ብቻ ከኋላዬ ቀስ ብላ «ለዓይን ሳይሆን ለደብተር ሰጠሽው፣ ልጄ» አለችኝ።

ማክሰኞ ጥበቃው ሱቁ መጣ። «ጓድ ካድሬው እሁድ ይፈልግሃል። ሚስትህንም ይዘህ ና» ብሎት ሄደ። ምሳ ሳቀርብ ነገረኝ።

«እሁድ ተነስቼ ግለ ሂስ አደርጋለሁ» አልኩት።

«ምን ብለሽ?»

«ዋሸሁ ብዬ። ባሌ ከምሰሶ ጋር የሚጋጭ ዕውር ነው፣ ያን ቀን ዕድል ነው ብዬ።»

«እስቲ ተጫወት ካለኝስ?»

«ትሸነፋለሃ!»

የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ።

«ምነው? አንተ ሰውዬ!»

«እንዴት ነው የሚሸነፈው?» አለኝ።

በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቅ አመለጠኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ገበጣውን አወጣሁና ሽንፈት አስተማርኩት። ቀን ሱቁን ይዘጋና ይመጣል፣ እንቀመጣለን። «በል አሁን ያቺን ጠጠር እለፋት» እለዋለሁ፤ እጁ ሳያስበው ይወስዳታል። «ምን ላርግ፣ አያታለሁ እኮ!» ይላል። ረቡዕ አሸነፈኝ። ሐሙስ አሸነፈኝ። ዓርብ ዕለት እያላበው፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፈ። ያን ቀን ሁለታችንም ውሃ አልጠጣንም።

እሁድ ደረሰ። አዳራሹ እንደ ባለፈው ሞልቷል፤ የሚስቅ ግን የለም፣ ሁሉም ነገሩን ያውቃል። ተነሳሁ።

«ጓድ፣ ግለ ሂስ አለኝ። ባለፈው ባሌን ያመሰገንኩት በትምክህት ነው። ሰውዬው ዕውር ነው። ሌሊት ሽንት ቤት ሲወጣ ከውሻው ጋር ይጋጫል። ሬዲዮም ሲጠግን ትርፍ ብሎን ይቀረዋል።»

ሌላ ቀን ቢሆን ጣሪያው ይነሳ ነበር። ካድሬው ብቻ ፈገግ አለ። «ግለ ሂስ ማድረግሽ ጥሩ ነው። በተግባር እንየው።»

ባሌ ተቀመጠ። አውሮፕላኖቹ መጡ። መድፏን ወደ ግራ ሲወስዳት በቀኝ ያልፋሉ፤ ወደ ቀኝ ሲወስዳት በግራ። ጭው፣ ባዶ ሰማይ። ጭው፣ ባዶ ሰማይ። መድፏ ሦስቴ ፈነዳች። ጎሽ የኔ አንበሳ፣ ጎሽ፣ አልኩ በሆዴ። በአፌ «ይኸው! እጀ እንጨት!» አልኩ።

«ድገመው» አለ ካድሬው።

ደገመው። አንዲት አልመታም። አንገቱ ላይ ላብ ሲወርድ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ከውጭ የልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ እኛ ጋ የመድፏ ድምፅ ብቻ። ለሦስተኛ ጊዜ አስጀመረው። ለሦስተኛ ጊዜ ምንም።

ካድሬው ተነስቶ ባሌ ትከሻ ላይ እጁን አሳረፈ።

«ጓድ» አለው፣ ልጅ እንደሚያባብል። «የማያውቅ ሰው አንዳንዴ በስህተትም ይመታል። አንተ በስህተት እንኳ አልመታህም። ሁሉንም ለመሳት ሁሉንም ማየት ያስፈልጋል። መሸነፍ አትችልበትም።»

ከዚያ ደብተሩን ከፈተና «ይሄ ጨዋታ ጠቃሚ ነው፤ ይቀራል» ብሎ ጻፈ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መኪና መጣ። ሰው ነግሮኝ ሱቁ ስደርስ ባሌ የለም። የአንድ ሰው ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ እንደተከፈተ ተጋድሟል፣ ካውያው እንደተሰካ ጢሱ ይወጣል። ነቀልኩት። እስኪበርድ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሳጥኑ አዳራሹ ውስጥ ቀረ፤ መርከበኛው መልሱልኝ አላለም። ስኳር ልወስድ ቀበሌ በሄድኩ ቁጥር በመስኮቱ ያ ጭው ጭው ይሰማኛል። ቆሜ እቆጥራለሁ፤ አንዷ ሳትመታ ያለፈች ሲመስለኝ እፎይ እላለሁ። የማን ልጅ ይሆን ዛሬ ጎበዝ የሆነው፣ እላለሁ።

ሁለት ዓመት ተኩል ጠበቅሁ። ሰዎች «ባልሽስ?» ሲሉኝ «ያ የማይረባ? የት ይሄዳል፣ ይመጣል» እላቸዋለሁ። እትዬ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አሁን ገባሽ ማለቷ ነው። ያን ካደረግሁ ወዲህ ስሙን በደግ አንስቼ አላውቅም፤ በጸሎት እንኳ «ያን እንጨት እጅ መልስልኝ» ነበር የምለው።

መጣ። ከስቷል፣ አንድ ጆሮው አይሰማም፣ ስለዚያ አገር ያወራው ነገር የለም። እኔም አልጠየቅሁት። ሁለት ቀን ተኛ፣ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ገበጣውን ራሱ አወጣው። ደስ አለኝ፤ በል እንግዲህ ሙልጭ አርገኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ያቺን የተመቻቸች ጠጠር አያት። እንዳያት አየሁ። አለፋት።

ተሸነፈልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው እስከ ዛሬ፣ ፀጉራችን ነጭ ሆኖ፣ በየቀኑ ይሸነፍልኛል። አንዴ ጨንቆኝ «ለምንድነው የምትሸነፍልኝ፣ አንተ ሰውዬ?» ብዬ ጮህኩበት፣ በማይሰማው ጆሮው በኩል ነበርኩና ዞሬ ደገምኩለት። «እጄ ለምዶበት ነው» አለኝ። ሲሸነፍ አሁንም ያስታውቅበታል፤ ያ ካድሬ ዋሸ ማለት አልችልም። ጠጠሮቼን ሰብስቤ አሸነፍኩ ብዬ አጨበጭባለሁ፣ እመጻደቅበታለሁ፣ እሰድበዋለሁ። ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ጠጠሬን ሙልጭ አርጎ ወስዶ «በይ ተነሺ፣ ውሃ አምጪልኝ» ቢለኝ፣ በዚህ ጉልበቴ ሮጬ ነበር የማመጣለት። አንዲት ጠብታ ሳላፈስ።