የመጨረሻዋ ካስማ

ቡሬ አጠገብ ካለ አንድ ቀበሌ የመስኖ ቦይ ሲሠራ ቀያሹ እኔ ነበርኩ። ሌላው ድንጋይ ይሸከማል፣ እኔ ከሳተላይት ጋር አወራለሁ። የማልኮራው ኩራት አልነበረም።

የቀበሌው የውሃ አባት ሽማግሌ ነበሩ። ውሃው ለማን፣ መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸው ማሳ ግን ከቦዩ ጫፍ ነው፣ ተራቸውም ከሁሉ መጨረሻ። የውሃ አባት ቀድሞ ካጠጣ ማን ያምነዋል? እሳቸው ዘንድ ውሃ ከደረሰ ለሁሉም ደርሷል ማለት ነው።

ሲሚንቶው ሳይፈስ በፊት አፈሩን በዶማ ጫር ጫር አድርገን ትንሽ ውሃ እንልቀቅ፣ መንገዱን እሱ ራሱ ያሳየን ብለው ለመኑኝ። እኔ ደግሞ ይህ መሣሪያ ከሰማይ ነው የሚያነበው፣ አንቱ አይድከሙ አልኳቸው። ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ተመለሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተላይቱ ያለበትን ቦታና ሰዓቱን ይልካል፤ መልእክቱ ለመድረስ በፈጀበት ጊዜ ርቀቱ ይሰላል። የሳተላይቱ መንገድ ወይም ሰዓቱ ትንሽ ከተዛነፈ ስሌቱም ይዛነፋል። እርጥብ አየር ደግሞ መልእክቱን ያዘገየዋል፤ የዘገየ መልእክት ከሩቅ የመጣ ይመስልና መሬቱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይነበባል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። መሣሪያውን አንድ ቦታ ለረጅም ሰዓት ታስቀምጣለህ፣ ከዚያ የሳተላይቶቹ የተጣራ መንገድና ሰዓት እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ትጠብቃለህ።

እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የቦዩን ከፍታ ለግንበኞቹ የሚያሳዩትን ሌሎቹን ካስማዎች በደንቡ ለካሁ። የመጨረሻዋ ካስማ ከሽማግሌው ማሳ ራስ ላይ ነበረች፤ ግንቦት ሊያልቅ ነው፣ ደመናው ተንጠልጥሏል፣ ግንበኞቹ ክረምቱ ሳይገባ ለመጨረስ ይጣደፋሉ፣ እኔም ፍኖተ ሰላም ሰርግ አለብኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ለክቼ መሣሪያውን ነቀልኩት። መኪና ውስጥ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሳሰላ የዚችኛዋ ስሕተት አንድ ስንዝር ሊደርስ እንደሚችል ጽፎ አሳየኝ። አየሁት። በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረውን የደረቁን የበጋ አየር ቁጥር በእርጥቡ ሳልለውጥ፣ ስንዝር ምን አላት ብዬ ልኩን ለግንበኞቹ ሰጠሁ። አይ እኔ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ለሰው ስተርት ነው የኖርኩት።

ኅዳር ላይ ውሃው ተለቀቀ። ሰዉ ሁሉ በቦዩ ዳር አብሮት ወረደ። ማሳ በማሳ እያዳረሰ መጥቶ ሽማግሌው ዘንድ ሊደርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመና ኩሬ ሠራ። የሽንኩርት መደባቸው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ሰዉ ግንበኞቹን መስደብ ጀመረ። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ሽማግሌው ዶማቸውን ተደግፈው ግንበኞቹን እንዳይነኳቸው ከለከሉ፤ ጥፋቱ የሳቸው እንደሆነ፣ ውሃው ይቅደም ብለው መጽናት ሲገባቸው እንደተዉት ለሁሉም ተናገሩ። የውሃ አባትነቱንም በዚያው ሳምንት ለሌላ አስረከቡ።

የሳተላይቶቹ የተጣራ መንገድና ሰዓት ከወጣ ከርሞ ነበር። ያን ጊዜ ነው የዚያን ቀን እርጥበት ጭምር አስገብቼ እንደገና ያሰላሁት፤ ካስማዋ አንድ ስንዝር ከፍ አለች፤ ለካ ውሃውን ሽቅብ ውጣ ብዬው ኖሯል። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። አውድማ ላይ አገኘኋቸው። ስለ ደመናው፣ ስለዘገየው መልእክት ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የኔ ቁጥር ነው አልኳቸው። እህሉን በመንሽ እያገላበጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ መንሹን ተክለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ያን ቀን ይህን ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር» አልኳቸው።

«እንግዲያስ ምን በወጣህ ታዝናለህ፤ ደመናው ነው ያሳሳተህ» አሉኝ።

ዛሬ እያንዳንዱ ካስማ ላይ ግማሽ ቀን እቀመጣለሁ። ምን ዋጋ አለው? ቦዩ እንደሆነ ሲሚንቶ ነው። ያን ቀን ግን እጄን ይዘው፣ እዚያው ገለባው መሀል ቆመው መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።