ሕብስት ባዶ እጇን እንዳትመለስ

ሕብስት የምትኖረው ጄኔቭ ነው፤ ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈር፣ ከትልቁ የገበያ ማዕከል አጠገብ ካሉት ሕንጻዎች ባንዱ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ። ሥራዋ ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ መሣሪያ አስሮ፣ ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም የሚለውን መመርመር ነው። ፖሊግራፍ መርማሪ ናት። በመላው ስዊዘርላንድ ይህን ሥራ በማኅበር ተመዝግበው የሚሠሩት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ከአሥራ አንዱ በአማርኛ የሚመረምር አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሷው።

ለሐበሻ ወዳጆቿ ይህን ሥራ ማስረዳት ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆናት፤ እስካሁን የገባው የለም። ክርስትና ቤት ስትገባ ግማሹ ሰው ወዲያው ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል። የቀረው ግማሽ ወደ ጓዳ ይጠራትና፣ ያን ዕቃሽን ይዘሽ ቅዳሜ ብቅ በይና ባለቤቴን አንድ ጊዜ እይልኝ ይላታል፤ ራጅ ማንሻ ይመስል። የቤቱ እመቤት «ዛሬ እንኳን ምንም አላዘጋጀሁም» ልትል አፏን ትከፍትና፣ አምስት ዓይነት ወጥ ከጀርባዋ ተደርድሮ ሳለ ሕብስትን ስታይ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። የልብ ጓደኛዋ በቀለች እንኳ፣ አልጋ ውስጥ ሆና «ትራም ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» ማለት የለመደች ሴት፣ ለሕብስት ሲሆን ስልክ አታነሳም። መልእክት ብቻ ትጽፋለች፤ ድምፄን ትመረምረዋለች ብላ።

ሕብስት ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያው ውሸት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ትንፋሽ፣ የጣት ላብና የደም ግፊት ነው። ደረትና ሆድ ላይ ቱቦ ይጠመጠማል፣ ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ይታሰራል፣ ጣት ላይ ሁለት ትንንሽ ብረት ይደረጋል፤ ኮምፒዩተሩ መስመር ይስላል። ተመርማሪው ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ያውቃቸዋል። ድንገት ጠረጴዛ ደብድቦ የሚያፈጥ መርማሪ የለም። ከአንዱ ጥያቄ እስከ ሌላው ሃያ አምስት ሰከንድ ዝምታ ነው። ይህን ስትነግራቸው ሰዎች ቅር ይላቸዋል፤ ፊልም ላይ ያዩት ይሻላቸዋል።

ወደ ሙያው ያስገባትም ይኸው ዝምታ ነው። ፕላንፓሌ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ተምራ ጨርሳ፣ ሌላ ሥራ ጠፍቶ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ቆማ ነበር። አንድ እንግዳ ፎጣዬ ቀጭን ነው ብሎ አርባ ደቂቃ ሲጮህባት፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ አዳመጠችው። ከኋላው ተራ ይጠብቅ የነበረው ሰው የውድ ዕቃ መጋዘን የሚያስጠብቅ ኩባንያ ኃላፊ ነበር። በሳምንቱ ቀጠራት፤ ውጭ ልኮ አስተማራት። ፍርድ ቤት የእነ ሕብስትን ውጤት ማስረጃ ብሎ ስለማይቀበል፣ እንጀራቸው ያለው እንዲህ ያለ ኩባንያ ዘንድ ነው። ኩባንያው ደግሞ ስሙ ከማኅበሩ መዝገብ ላይ የሌለ መርማሪ አንድ ቀን አያሠራም።

መዝገቡ ላይ ለመቆየት በየሁለት ዓመቱ ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ድረስ ሄዶ በሦስት ባልደረቦች ፊት መፈተን ግዴታ ነው። የወደቀ ሰው ስሙ ለአንድ ዓመት ይፋቃል። ሕብስት በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ብትወድቅ ሥራዋን አጥታ፣ የሌላ መርማሪ ቱቦ ስትጠቀልልና ወንበር ስትወለውል ትከርማለች ማለት ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ጎን ባለው ክፍል መሳቢያ ውስጥ አንድ አሮጌ የእጅ ሰዓት ይቀመጣል። በሰዓት አገር የተቋቋመ የእውነት ማኅበር ነው፤ ሰዓቱ ግን ከቆመ ዘጠኝ ዓመቱ። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ከሁለት የታሸጉ ፖስታዎች አንዱን ያነሳል። አንዱ «ውሰድ» ይላል፣ ሌላው «አትንካ»። ሰውየው ብቻውን ገብቶ፣ የታዘዘውን አድርጎ ይወጣል። ወሰደም አልወሰደም፣ ሲጠየቅ «አልወሰድኩም» ማለት ብቻ ነው። ተፈታኙ መርምሮ «ወስዷል» ወይም «አልወሰደም» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ፖስታው ይታያል። ፈቃደኛውን ፈልጎ የሚያመጣው ራሱ ተፈታኙ ነው። ዘመድ መሆን የለበትም፤ ምርመራው በሚካሄድበት ቋንቋ አፉን የፈታ መሆን አለበት።

ሕብስት ሠላሳ አራት ሐበሻ ጠየቀች። ሠላሳ አራቱም «ደስ ይለኛል» አሉ። ቀኑ ሲቃረብ እድላዊት ወገቧን አመማት፣ አስፋ ያላሰበው ስብሰባ ተጠራበት፣ የበቀለች ስልክ ለሦስተኛ ጊዜ ውኃ ውስጥ ገባ። መጨረሻ ላይ የቀሩት አንድ ሰው ናቸው፤ ጋሽ ሀብተወልድ።

ጋሽ ሀብተወልድ ከሕብስት በላይ፣ ስምንተኛ ፎቅ የሚኖሩ የሰባ አራት ዓመት ጡረተኛ ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው፣ አንድም የሰው ፖስታ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አላዩም። አንዴ ከባንክ ሳያውቁ ይዘውት የወጡትን እስክሪብቶ ሊመልሱ በበረዶ ሁለት ትራም ቀይረው ሄደዋል። ችግራቸው አንድ ነው፤ የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አይችሉም። ሊፍት ውስጥ ያገኙት ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢወርድ፣ ብቻውን እንዳይሆን ብለው አብረውት ይወርዳሉ።

ባቡሩ ላይ ከረባታቸውን እያስተካከሉ ሥርዓቱን ሦስት ጊዜ አስደገሟት። አንድ ነገር ብቻ ከነከናቸው።

«እና ሰዓቱን ካልወሰድኩ፣ አንቺ ምን ታገኛለሽ?»

«ምንም። አልወሰዱም ብዬ እጽፋለሁ።»

«ምንም?» አሉና ባቡሩ በርን ከተማ እስኪደርስ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ አሰቡ። ሕብስት ይህን ሐሳብ ልብ ማለት ነበረባት። እሷ ግን ጥያቄዎቿን ታነብ ነበር።

ኦርሊኮን፣ ድሮ ፋብሪካ የነበረ ዛሬ ቢሮ የሆነ ሕንጻ ውስጥ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሄር አምሽቱትስ ተቀበሏቸው። በዚህ ማኅበር ውስጥ ማንም ማንንም አያመሰግንም። አንድ አባል ለሌላው «ንግግርህ ግሩም ነበር» ቢል፣ ዘጠኙ ዞረው የተናጋሪውን አንገት ነው የሚያዩት፤ የደም ሥሩ ዘለለ አልዘለለም ብለው። ስለዚህ ሄር አምሽቱትስ እንግዶቹ ሰዓት አክብረው መምጣታቸውን ብቻ መዘገቡ። ሁለተኛዋ ፈታኝ ፍራው ሱተር ፖስታዎቹን አቀረቡ። ሦስተኛው ፈታኝ ሥራው መስኮት መክፈትና መዝጋት ብቻ ይመስል ነበር። ጋሽ ሀብተወልድ አንዱን ፖስታ አነሱ፣ ፈረንሳይኛውን በመነጽራቸው አነበቡ፣ መልሰው አሸጉት፣ ወደ ጎኑ ክፍል ገብተው ወጡ። ፊታቸው ላይ የሚነበብ አንዳች ነገር አልነበረም።

ከዚያ መከራው ጀመረ። የመጀመሪያው ጣጣ «አዎ» ማለት አለመቻላቸው ነበር። ስምዎ ሀብተወልድ ነው ወይ ስትላቸው፣ እንደማንኛውም ጨዋ ሐበሻ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «እህ» አሉ፤ የትንፋሹ መስመር እንደ ተራራ ተነሳ። ፍራው ሱተር ሰውየው በስማቸው ላይ ዋሹ እንዴ ብለው ብድግ አሉ። ቃሉን በአፍ አውጥተው «አዎ» እንዲሉ ለማስለመድ ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

ሁለተኛው የማነጻጸሪያው ጥያቄ ነው። ከሰዓቱ ጥያቄ ጎን፣ ብዙ ሰው ትንሽ እያፈረ «አድርጌ አላውቅም» የሚልበት ጥያቄ ይገባል፤ የሁለቱ መስመር ይነጻጸራል፤ የሰዓቱ ከበለጠ «ወስዷል» ይባላል። ሕብስት ያዘጋጀችው «ሰውን ላለማስቀየም ብለው ዋሽተው ያውቃሉ?» የሚል ነበር። ጋሽ ሀብተወልድ ቅር እንዳላቸው ነገሯት። በየቀኑ እንደሚዋሹ፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ የሰጠቻቸውን ሳንድዊች ጣፈጠኝ ያሏት ለእሷ ብለው እንደሆነ አስረዱና፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ መዘርዘር ያዙ። ወደ አርባ ደቂቃ ሄደ። ሄር አምሽቱትስ ሰውየው ምን እያሉ ነው ቢሉ፣ ሕብስት ጥርሷን ነክሳ፣ እየተባበሩ ነው አለች። በመጨረሻ ጥያቄውን ቀየረችው፤ የሰው ደብዳቤ ከፍተው ያውቃሉ በሚል።

እሱን ስትጠይቃቸው «አላውቅም» አሉ፤ መስመሩ ነፋስ እንደሌለበት የሌማን ሐይቅ ተኛ። ሰዓቱን ወስደዋል ስትላቸው «አልወሰድኩም» አሉ፤ ላቡም ትንፋሹም ግፊቱም አንድ ላይ ተነሱ። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሦስቱንም ጊዜ ያው።

ሕብስት ወረቀቱን ይዛ ተቀመጠች። ማነጻጸሪያው ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ንጹሕ ሰው በድንጋጤ ብቻ እንዲህ መስመር ሊያወጣ እንደሚችል ታውቃለች። የባንኩን እስክሪብቶም ታውቃለች። እኚህ ሰው የሌላ ሰው ሰዓት ቢታዘዙም እንኳ ማንሳት የሚችሉ አይመስሉም። ልቧ አልወሰዱም ይላታል። የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ደግሞ ሰውን ሳይሆን ወረቀቱን አንብብ የሚል ነው። «ወስዷል» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

ሄር አምሽቱትስ ፖስታውን ከፈቱ። «አትንካ» ይላል።

ሊቀመንበሩ እንደሚያዝኑ ተናገሩ፤ እውነትም ያዘኑ ይመስላሉ፤ ማንም አንገታቸውን አላየም። ሕብስት አሥራ አራት ዓመት የሠራችበትን ቱቦ ከጋሽ ሀብተወልድ ደረት ፈትታ ትጠቀልል ጀመር።

ጋሽ ሀብተወልድ ፊቷን አዩ።

«ሕብስት፣ ፈተናው አልቋል?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አልቋል፣ ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነሽ? እስኪያልቅ ድረስ አልወሰድኩም ይበሉ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«አልቋል አልኩዎት።»

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ መሐረብ አወጡ። ፈቱት። የቆመውን ሰዓት በሁለት እጃቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ሕብስት ሰዓቱን አየች፣ ፖስታውን አየች። «አትንካ ነው እኮ የሚለው፣ ጋሼ።»

«አንብቤዋለሁ። ፈረንሳይኛ እችላለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሦስት ሰዓት በባቡር መጥተሽ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ፣ ምንም ሳታገኚ ባዶ እጅሽን ትመለሽ?»

ሕብስት ይህን ለፈታኞቹ መተርጎም ነበረባት። በሕይወቷ የከበዳት ትርጉም እሱ ነው። ሄር አምሽቱትስ ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ፤ አንድ ሰዓት ፈጀ፣ መስኮቱ አራት ጊዜ ተከፍቶ አራት ጊዜ ተዘጋ። ሊቀመንበሩ መመሪያ ተጥሷል አሉ። ፍራው ሱተር ደግሞ ቅጹ የሚጠይቀው ሰውየው ምን አደረጉ እንጂ ምን ታዘዙ አይደለም፤ ስለዚህ ሴትየዋ ትክክል ናት አሉ። በመጨረሻ ተስማሙ፤ አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ፈቃደኛው ከቅጹ ግርጌ፣ «የተሰጠኝን መመሪያ በታማኝነት ፈጽሜያለሁ» ከሚለው ሥር ይፈርማሉ።

ጋሽ ሀብተወልድ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። እስክሪብቶውን አስቀመጡት።

«ይሄንን አልፈርምም።»

«ለምን?»

«ውሸት ነዋ።»

ሕብስት ሆቴል መቀበያ ላይ ያን ሰውዬ አርባ ደቂቃ የቻለች ሴት ናት፤ እዚህ ላይ ግን ትዕግሥቷ አለቀ። «ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲዋሹ አይደለም እንዴ የዋሉት?»

«እሱ በአፍ ነው» አሉ፣ እንደ ሕፃን እያስረዷት። «ይሄ ፊርማ ነው።»

አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። «በሞቴ» ብትላቸው ይፈርማሉ፤ ሁለቱም ያውቁታል። አፏን ከፈተች። ሰውን አስቀምጣ እውነቱን ንገረኝ ስትል የኖረችበት ወንበር ፊት ለፊቷ ነበር። አፏን መልሳ ዘጋች።

«ያደረጉትን ይጻፉ» አለች።

በቅጹ ላይ «አስተያየት» የሚል ሣጥን አለ፤ ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ማንም ጽፎበት አያውቅም። ጋሽ ሀብተወልድ በሚያምር የፖስታ ቤት ጽሕፈታቸው በአማርኛ ሞሉትና ፈረሙ። ሄር አምሽቱትስ ምን ይላል ብለው ጠየቁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከጻፉት ሰው ሌላ አማርኛ ማንበብ የምትችለው ሕብስት ብቻ ናት። ያሻትን ብላ ማለፍ ትችላለች።

ቃል በቃል አነበበችላቸው። «አትንካ ተብዬ ነክቻለሁ። ልጅቷ ሥራዋን ታውቃለች። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሊቀመንበሩ እንደ ልማዳቸው አንገቷን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ እየተነጫነጩ ማኅተሙን አነሱና መቱት። ፍራው ሱተር ይህን ቅጽ ከነደፉት ጀምሮ እውነት ተጽፎበት ሲያዩ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ተናገሩ፤ ለዚያ ማኅበር ይህ ከሙገሳም በላይ ነው።

ሕብስት መዝገቡ ላይ አለች፤ ሥራዋም አለ። ማኅበሩ አዲስ አንቀጽ አውጥቷል፤ ፖስታው «አትንካ» ካለ መሳቢያው ይቆለፋል። ጄኔቭ ውስጥ ደግሞ ጋሽ ሀብተወልድ ባገኙት ሰው ሁሉ ፊት፣ ለሕብስት የሥራ ፈቃዷን ያስገኘሁላት እኔ ነኝ እያሉ ነው። አስፋና እድላዊት ሰምተው፣ ምነው በነገርሽን እኛም ደስ ይለን ነበር አሏት።

ባለፈው ሰኞ ሊፍት ውስጥ አገኟት። የባቡር የግማሽ ዋጋ ካርዳቸውን ለመጪው ፈተና ብለው እንዳሳደሱ፣ ትንፋሻቸው እንዳይዘልባትም ማታ ማታ እንደሚለማመዱ ነገሯት። ሕብስት ሊፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ፣ በእግሬ ትንሽ ልራመድ ብላ ወረደች። ጋሽ ሀብተወልድም፣ የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው፣ ደረጃውን ብቻዋን እንዳትወጣ አብረዋት ወረዱ።